ተጠባባቂ መስመር ለንግድ ቤት

በላስታ ደጋ፣ የጊዳን ወረዳ ርእሰ ከተማ በሆነችው በሙጃ፣ ገብስና ባቄላ ሰብስቦ ወደ ቆላው ገበያ የሚያወርድ ነጋዴ ከአባቶቹ የወረሰው ጥንቃቄ አለ፤ ይኸውም በክረምት አንዱ መንገድ በናዳ ቢዘጋ በየትኛው እንደሚዞር አስቀድሞ ማሰቡ ነው። ይህንኑ ጥንቃቄ ገንዘቡና መልእክቱ ለሚመላለስበት መስመርም ሊያደርገው ይገባል።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ አያሌ ክፍያዎች በስልክ የሚፈጸሙ ሆነዋል። ስለዚህ መስመሩ በተቋረጠ ጊዜ እህሉ ከሚዛን ላይ ሳይነሣ ይውላል፤ ገዢው ገንዘብ እያለው መክፈል ያቅተዋል፤ ሻጩም ያልደረሰውን ገንዘብ አምኖ ዕቃውን ለመልቀቅ ይቸገራል።

አደጋው በሐሳብ ብቻ ያለ አይደለም። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ በደረሰ ጊዜ በአካባቢው የስልክና የባንክ አገልግሎት ተቋርጦ ነበር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ብዙ ወራት ቆይቷል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ በቀይ ባሕር ውስጥ የተዘረጉ ገመዶች ተበጥሰው፣ በእስያና በአውሮፓ መካከል ይመላለስ ከነበረው መልእክት ከፊሉ በሌላ መንገድ እንዲዞር ግድ ሆኗል።

መልእክት መንገዱን የሚለውጠው እንደሚከተለው ነው። ማናቸውም መልእክት በትናንሽ እሽጎች ተከፍሎ፣ በእያንዳንዱ ላይ አድራሻው ተጽፎ ይጓዛል። በየመገናኛው ያለው ራውተር የተባለው መሣሪያ አድራሻውን አይቶ የሚሄድበትን ይመራዋል። ታላላቆቹ መረቦች ደግሞ በ1981 ዓ.ም. በወጣው ቢጂፒ በተባለ ደንብ፣ የትኛው መንገድ ክፍት፣ የትኛው ዝግ እንደ ሆነ እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ። ነገር ግን መውጫ በሩ አንድ ብቻ የሆነ ንግድ ቤት ያ በር ሲዘጋ ይህ ሁሉ ዘዴ አይጠቅመውም።

ሁለት መስመር መግዛት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በአንድ ምሰሶ የሚያልፉ ሁለት ሽቦዎች ምሰሶው ሲወድቅ አብረው ይወድቃሉ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ ለነጋዴው ሁለተኛ ምርጫ ተገኝቷል፤ ሆኖም ይህ ድርጅት ከራሱ ማማዎች ሌላ የኢትዮ ቴሌኮምን ማማዎችና መስመሮች የሚከራይ በመሆኑ፣ ሁለቱ በአንድ ስፍራ በአንድ ማማ ላይ እንዳይገናኙ መጠየቅ ያስፈልጋል። የመብራትም ነገር እንዲሁ ነው፤ ባትሪ የሌለው ራውተር መብራት ሲጠፋ ሁለቱንም መስመሮች ይዞ ይጠፋል።

አስመጪና ላኪ የሆነ ድርጅት አንድ የፋይበርና አንድ የሞባይል መስመር፣ ሁለቱንም ተቀብሎ በራሱ የሚያቀያይር ራውተር ሊኖረው ይገባል። ለባለሱቅ ግን የሌላው ኩባንያ ሁለተኛ ሲም ካርድና በሌላ ባንክ የተከፈተ ሒሳብ ይበቃዋል። ሁሉም በወር አንድ ቀን፣ ገበያ በሌለበት ሰዓት፣ ዋናውን መስመር ነቅሎ ተጠባባቂው መሥራቱን ይመርምር፤ ያልተፈተነ ተጠባባቂ እንደሌለ ይቆጠራልና።

ከዚህ በላይ ደግሞ አገሩ በሙሉ አገልግሎት ሲያጣ የትኛውም ድርብ መስመር አያድንም። ለዚያን ጊዜ የሚያገለግሉት በየማታው በወረቀት የተገለበጠ የሒሳብ መዝገብ፣ በካዝና የተቀመጠ ጥቂት ጥሬ ገንዘብ፣ እንዲሁም ከደንበኛ ጋር አስቀድሞ የተፈረመ የዱቤ ውል ናቸው። በሩቅ ያለው ደንበኛ የሚመዝነው ቃል በተባለው ቀን መፈጸሙን ነው፤ ሰበቡ የሽቦ መበጠስ ቢሆንም እንኳ፣ ተደጋግሞ የዘገየ ነጋዴ ገበያውን ለሌላው መልቀቁ አይቀርም።