ከአምበር ደጋ እስከ ዳናኔ፦ የፋሺስት ማጎሪያ ካምፖችን ለመጎብኘት ለሚያስብ ተጓዥ

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደው አውራ ጎዳና የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ደጀን ከወጣ በኋላ በአነደድ ወረዳ ዋና ከተማ በአምበር በኩል ያልፋል። በአምበር ብርድ ያደገ ሰው በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ አሸዋ ላይ መታሰር ምን ማለት እንደሆነ ለመገመት ብዙም አይቸገርም።

ፋሺስት ኢጣሊያ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያንን ያጎረችው ከሞቃዲሾ በስተ ደቡብ በሚገኘው በዳናኔ ካምፕ ነበር። ከእስረኞቹ አንዱ የነበሩት አቶ ሚካኤል ተሰማ ለጦር ወንጀል ምርመራ በሰጡት የምስክርነት ቃል፣ በካምፑ ከታሰሩት 6,500 ሰዎች መካከል 3,175 ያህሉ መሞታቸውን ገልጸዋል። ለሞታቸው ምክንያት የሆኑት በአመዛኙ የተበላሸ ምግብ፣ ወባና ተቅማጥ ናቸው። ለደገኛ እስረኛ ቦታው ራሱ ቅጣት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መኳንንቱና ቤተሰቦቻቸው የተጋዙት ደግሞ ወደ ኢጣሊያ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅ ከሰርዲኒያ በስተ ሰሜን ምዕራብ ባለችው በአዚናራ ደሴት ታስረው ቆይተው፣ በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ ቶሪኖ ውስጥ አርፈዋል። አዚናራ ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ ስትሆን ጎብኚዎች ከፖርቶ ቶሬስና ከስቲንቲኖ በጀልባ ይደርሱባታል። በደሴቲቱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሞቱ የኦስትሪያና የሃንጋሪ ምርኮኞች የተሠራ የአፅም ማረፊያ አለ። ወገኖቹን ፍለጋ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ግን ታሪኩን አስቀድሞ አንብቦ ቢሄድ ይበጀዋል፤ ደሴቲቱ በይበልጥ የምትታወቀው በኋላ በተዘጋው ወህኒ ቤቷ ነውና።

ለጎጃም ይበልጥ የሚቀርበው የልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ታሪክ ነው። የጎጃም ገዥ የነበሩት ራስ እምሩ ደብረ ማርቆስ በ1928 ዓ.ም. በጠላት እጅ ከወደቀች በኋላ ወደ ምዕራብ ተጉዘው ትግሉን ቀጠሉ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተይዘው በፖንዛ ደሴት ታሰሩ። የሚያስገርመው፣ ሙሶሊኒ በሐምሌ 1935 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርድ በዚያችው ደሴት፣ ራስ እምሩ ታስረውበት ነበር በሚባለው ቤት እንዲቆይ መደረጉ ነው።

ከአምበር ለሥራ ጉዳይ አዲስ አበባ የሚመጣ ሠራተኛ በበኩሉ ያለ ፓስፖርት ስድስት ኪሎ የሚገኘውን የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ማየት ይችላል። በአቅራቢያው ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚያ ሲሆን፣ ብዙዎችን ወደ ዳናኔ ያደረሰው አፈሳም የተጀመረው በዚያው ዕለት ነው።