ያውቁ ኖሯል? ካልሲየም ሲያንስም ሲበዛም ልብን ይጎዳል
ከሰውነታችን ካልሲየም 99 በመቶው ያለው በአጥንትና በጥርስ ነው፤ የልብን ምት የሚያግዘው ግን በደም ውስጥ ያለው ጥቂቱ ነው። በአንድ ዴሲሊትር ከ8.5 እስከ 10.5 ሚሊግራም ገደማ ሲሆን ጤናማ ይባላል። ኩላሊት ሲደክም ቫይታሚን ዲን ወደሚሠራ መልኩ መለወጥ ያቅተዋል፤ ካልሲየም ይወርዳል፣ ፎስፈረስ ይከማቻል። ያኔ አንገት ላይ ያሉ ጥቃቅን ዕጢዎች ካልሲየምን ከአጥንት እየመዘዙ ወደ ደም ይልካሉ። እጅግ ሲያንስ የልብ ምት ይዛባል፤ ሲበዛ የደም ሥር ይደድራል።

ከደብረ ሲና በጣርማበር ዋሻ አልፈው ደብረ ብርሃን ለካልሲየም ምርመራ የሚሄዱ የኩላሊት ሕመምተኛ ከሆኑ፣ በደም ውስጥ ያለው ፕሮቲን የአልቡሚን ውጤትም አብሮ ይታይልዎ፤ እሱ ሲወርድ ካልሲየሙ ከእውነቱ ያነሰ ይመስላል። የካልሲየም ክኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይውሰዱ።