የማናካ ኢስናጋ ደወል ለማን ይደወል ነበር?

ብዙዎቻችን ኩባን የምናውቃት በ1977 እና በ1978 ልጆቿ ከሠራዊታችን ጎን ተሰልፈው በኦጋዴን በመዋጋታቸው ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ግን ስለ ጦር ሜዳ ሳይሆን፣ በደሴቲቱ መካከል ስለሚገኙት የቅኝ አገዛዝ ዘመን ከተሞች፣ ከሁሉም ይልቅ ስለ ትሪኒዳድ ይሆናል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትሪኒዳድን በ1514 የመሠረታት የስፔን ቅኝ ገዢ ዲዬጎ ቬላስኬስ ነው። በድንጋይ የተነጠፉት ጎዳናዎቿ፣ ቀይ ሸክላ የለበሱት ጣሪያዎቿ፣ ከመሬት ተነሥተው እስከ ኮርኒስ የሚደርሱት ባለፍርግርግ መስኮቶቿ ጎብኚውን ያስደምማሉ። ከተማዋ ውብ ናት፤ ይህን መካድ አይገባም። ለመሆኑ የዚህን ውበት ዋጋ የከፈለው ማነው?

መልሱ ያለው በአደባባዩ ላይ ሳይሆን ከከተማዋ ወጣ ብሎ በሚገኘው የሸንኮራ መጭመቂያዎች ሸለቆ ነው። በ1791 የሄይቲ ባሮች በጌቶቻቸው ላይ ተነሥተው የፈረንሳይን የስኳር ሀብት ሲያናጉት፣ የኩባ ባለርስቶች ገበያውን ለመውረስ ተሯሯጡ። ከአፍሪካ በሰንሰለት ታስሮ የሚመጣው ሕዝብ ቁጥር አሻቀበ። በሸለቆው ከ50 የሚበልጡ መጭመቂያዎች ተተከሉ። ኢስናጋ፣ ብሩኔት፣ ካንቴሮ የተባሉት ቤተሰቦች በከተማዋ ያቆሟቸው ቤተ መንግሥት መሰል ቪላዎች የዚህ ብዝበዛ ፍሬ ናቸው። ካንቴሮ በ1857 ስለ ኩባ የስኳር መጭመቂያዎች ባለሥዕል መጽሐፍ እስከ ማሳተም ደርሷል። ሀብቱን በሥዕል ያስመዘገበው ይህ ከበርቴ ስለ ሠራተኞቹ ስም መጨነቅ አላስፈለገውም።

በሸለቆው ውስጥ፣ በማናካ ኢስናጋ፣ ቁመቱ 45 ሜትር ያህል የሆነ ባለሰባት ደርብ ግንብ ቆሟል። በ1816 የተሠራ ነው። ከላዩ ሆኖ ሸንኮራውን የሚቆርጡትን ባሮች ያለመታከት የሚመለከት ዘበኛ ነበር። ደወሉ የሥራውን መጀመሪያና መጨረሻ፣ የጸሎቱንም ሰዓት ያውጃል፤ ባሪያ ሲያመልጥ ወይም እሳት ሲነሣ ደግሞ ለሌላ ጉዳይ ይጮኻል። ጸሎቱና አሰሳው በአንድ ደወል ይጠሩ እንደነበር ልብ ይሏል!

ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በኋላ ግን መሬቱ ደከመ፤ አውሮፓ ከሥራሥር የምታመርተው ስኳር በረከተ፤ የሸንኮራው ካፒታልም ወደ አዳዲስ አካባቢዎች ፈለሰ። በ1868 የፈነዳው የነፃነት ጦርነት የቀረውን አዳከመ። ባርነት በሕግ የቀረው በ1886 ነው። ትሪኒዳድ ደኸየች፤ አሮጌውን አፍርሶ አዲስ የሚሠራበት ገንዘብ ጠፋ። ዛሬ ጎብኚው የሚያደንቀው ሳይነካ የቆየ መልክ እንግዲህ የድህነት ስጦታ ነው።

ከበርቴው ግን ሌላ ቦታ አላጣም። በ1819 የፈረንሳይ ተወላጆች የሠፈሩባት ሲንፉዌጎስ፣ ጎዳናዎቿ በቀጥታ መስመር የተሠመሩ የወደብ ከተማ ናት። የቅኝ ገዢዎቹ ዓላማ የጥቁሩ ሕዝብ ብዛት ስላስፈራቸው ነጭ ሠፋሪ ማብዛት ነበር። በ1890 የተከፈተው የከተማዋ ቲያትር ቤት የቶማስ ቴሪን ስም ይዟል፤ በሸንኮራና በባሪያ ንግድ የበለጸገ ሰው ነው፤ ሐውልቱም ከመግቢያው አዳራሽ ተቀምጦ ተመልካቹን ይቀበላል። ከዚያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የምትገኘው ሳንታ ክላራ ሌላ ዓይነት መታሰቢያ አላት፦ በታኅሣሥ 1958 የቼ ጉቬራ ተዋጊዎች ከሐዲዱ ያስወጡት የባቲስታ የታጠቀ ባቡር ፉርጎዎች።

ዩኔስኮ በ1988 ትሪኒዳድንና ሸለቆውን በአንድነት በዓለም ቅርስነት መመዝገቡ ትክክል ነበር። ቪላው ያለ ሸለቆው ግማሽ ታሪክ ነው። ሆኖም በአውቶቡስ መጥቶ አደባባዩን ብቻ ፎቶግራፍ አንሥቶ የሚመለሰው ቱሪስት ጥቂት አይደለም። እስከ ማናካ ኢስናጋ የሚዘልቀውም የጌታው መኖሪያ ምግብ ቤት ሆኖ ይጠብቀዋል። ደወሉ ከግንቡ ወርዶ መሬት ላይ ተቀምጧል። ከግንቡ ሥር የመንደሩ ሴቶች በእጃቸው የጠለፉትን ነጭ የጠረጴዛ ልብስ በገመድ ላይ ዘርግተው ይሸጣሉ።