በትንንሽ ልጆች ላይ ቲቢ እንዴት ይታወቃል?

አዋቂ ሰው ሳል ሲበረታበት አክታ ሰጥቶ ይመረመራል። የሁለት ዓመት ልጅ ግን አክታ አውጥቶ መትፋት ስለማይችል ይውጠዋል። ናሙና ቢገኝ እንኳ በትንንሽ ልጆች ሳንባ ውስጥ የሚገኘው የቲቢ ባክቴሪያ ቁጥር ከአዋቂዎች በጣም ያነሰ ስለሆነ ምርመራው ብዙ ጊዜ ሳያገኘው ያልፋል። ስለዚህ ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ውጤቱ ኔጌቲቭ ነው ማለት ቲቢ የለበትም ማለት አይደለም።

ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ካላቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። በደቡብ ኦሞ ደግሞ ርቀቱ ነገሩን ያከብደዋል። ከሐመር፣ ከዳሰነች ወይም ከኛንጋቶም ልጁን ይዞ ጂንካ የመጣ ቤተሰብ “ምንም አልተገኘም” ተብሎ ከተመለሰ ሁለተኛ መምጣቱ አጠራጣሪ ነው።

ታዲያ ሐኪሙ በምን ያውቃል? በአብዛኛው እናንተ በምትነግሩት ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ በቤት ውስጥ የሚያስል ሰው ስለመኖሩ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚሰጠውም መልስ “የለም” የሚል ነው። ትንሽ ቆይቶ ግን ልጁ አብሯት የሚተኛው አያት ለወራት ስታስል እንደነበር፣ ወይም አጎቱ ባለፈው ዓመት የቲቢ መድኃኒት ጀምሮ እንዳቋረጠ ይሰማል። ከልጁ ጋር በአንድ ጎጆ ያደረ፣ ያዘለው፣ ያጎረሰው ሰው ሁሉ ይቆጠራል። በሳል ታሞ የሞተ ሰው ካለም ይነገር። በአስተርጓሚነት አብራችሁ የምትመጡ ዘመዶች ደግሞ እናትየው ያለችውን ሳታሳጥሩ ንገሩን፤ “አሞታል ነው የምትለው” የሚል ትርጉም ብዙ ነገር ያስቀራል።

ቀጥሎ ክብደት ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል ወይም ትኩሳት፣ ጨዋታ መተው፣ ከሁሉም በላይ ክብደት አለመጨመር ያሳስበናል። በምግብ እጥረት ምክንያት ፕላምፒ ነት እየወሰደ፣ ምግቡንም በትክክል እየበላ ክብደቱ አልነሳ ያለ ልጅ ለቲቢ መታየት አለበት። ጤና ኬላ የተመዘነበትን ካርድ ይዛችሁ ኑ፤ ለእኔ ከብዙ ምርመራ ይልቅ የሦስት ወር የክብደት መዝገብ ይጠቅመኛል።

ናሙናን በተመለከተ አንድ ጥሩ ነገር አለ። ልጁ የዋጠው አክታ በሰገራ ስለሚወጣ፣ ሰገራውን በጂን ኤክስፐርት ማሽን መመርመር ይቻላል። የሰገራውን ናሙና ቀለል ባለ መንገድ ማዘጋጃ ዘዴ ሲጠና የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ባለሙያዎችም ተሳትፈዋል። የሚያስፈልገው በንጹሕ ዕቃ የተያዘ ጥቂት ሰገራ ነው፤ በአፍንጫ ቱቦ አስገብቶ ከጨጓራ ፈሳሽ እንደመቅዳት ልጁን አያስጨንቅም። ባክቴሪያው ከተገኘ ቲቢ መሆኑ ይረጋገጣል፤ ካልተገኘ ግን ፍለጋው ይቀጥላል። የደረት ራጅ በሳንባ ውስጥ ያበጡ ዕጢዎችን ሊያሳይ ይችላል። የኤችአይቪ ምርመራም ይደረጋል፤ ይህ ቤተሰቡን ለመጠርጠር ሳይሆን ሕክምናውን ስለሚለውጠው ነው። በክንድ ቆዳ ላይ የሚሰጠው ምርመራ በተጎሳቆለ ልጅ ላይ በሐሰት ኔጌቲቭ ሊሆን ይችላል። የቢሲጂ ክትባት ጠባሳ መኖሩም ቲቢን አያስቀርም፤ ክትባቱ በዋናነት የሚከላከለው ከባድ የሆኑትን ዓይነቶች ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ምልክቶችን በነጥብ ደምሮ፣ ራጅ በሌለበት ጤና ጣቢያም ጭምር፣ ሕክምና ለመጀመር የሚያስችል የውሳኔ መንገድ አውጥቷል። ስለዚህ ሐኪሙ “ላቦራቶሪው አላገኘውም፣ ግን መድኃኒት እንጀምር” ቢላችሁ በግምት እየሠራ አይደለም። አንዳንዴ ደግሞ መጀመሪያ የሳንባ ምች መድኃኒት ተሰጥቶ “ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ” ትባላላችሁ። ያ ቀጠሮ ራሱ የምርመራው አካል ነው፤ ሳሉ ካልተሻለ ወደ ቲቢ ያመለክታል። ከብቶቹን ተከትላችሁ የምትንቀሳቀሱ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩን፣ በምትሄዱበት አቅራቢያ ያለው ጤና ጣቢያ እንዲያያችሁ እንጽፋለን።

በኢትዮጵያ ቲቢ ከሳንባ ውጪም በብዛት ይታያል። በአንገት ላይ ሳያም የሚያድግ፣ ሳምንታት ያለፉት ዕጢ ካለ ለማስፈንዳት ወይም ለማስተኮስ ከመሄድ በፊት ሐኪም ይየው። ጥሬ ወተትም የከብት ቲቢ ሊያስተላልፍ ስለሚችል አፍልቶ መስጠት ይሻላል፤ ይሁን እንጂ በአገራችን የአንገት ዕጢ ቲቢ በአብዛኛው የሚመጣው ከሰው ወደ ሰው ከሚተላለፈው ዓይነት ነው።

በቤት ውስጥ ቲቢ ያለበት ሰው ከታወቀ፣ ልጁ ጤነኛ ቢመስልም ይመርመር። ከአንድ ዓመት በታች ያለ ሕፃን በቲቢ ከተያዘና የመከላከያ መድኃኒት ካላገኘ የመታመም ዕድሉ እስከ ግማሽ ይደርሳል። ያልታመመው ልጅ መከላከያውን ለወራት ይወስዳል። የታመመው ደግሞ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ የሚሰጠውን፣ ለሕፃናት ተብሎ ውኃ ውስጥ የሚሟሟ መድኃኒት ይወስዳል፤ በቲቢ ከሚሞቱ ሕፃናት አብዛኞቹ ሕክምና ያልጀመሩት ናቸው።

ልጁ እንቅልፍ ከበዛበት፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ አንገቱ ከገተረ ወይም ካንቀጠቀጠው ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ቲቢው ወደ አንጎል ሽፋን ሄዶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ዕለት ሆስፒታል ውሰዱት።