ሞተሩ በቦና መሐል ሲቆም

በዚህ እትም ከብት ላላችሁም፣ ከብታችሁን በዘመድ እጅ አደራ ለሰጣችሁም የሚሆን ወግ ይዘን መጥተናል። ነገሩ በራሳችን ላይ የደረሰ ነው። ጊዜው 2014 ዓ.ም. ጥር፣ ቦታው በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ፣ ጎዶማ።

ያ ዘመን እንዴት እንደነበረ የቦረናና የማርሳቢት ሰው አይረሳውም። ከ2013 ዓ.ም. መግቢያ እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሽፈዋል። በዚያ ጥር ሦስተኛው ከሽፎ ነበር።

ከዘመድ ጋር የተቀላቀሉ 12 ከብቶች ነበሩን። የሚጠጡት በጄኔሬተር ከሚሳብ ጥልቅ ጉድጓድ ነው። በቦና ከብት በየሦስት ቀኑ ነው የሚጠጣው፤ ተራችን ደርሶ ገንዳው ዘንድ ስናደርሳቸው ሞተሩ ሁለት ሦስቴ አስሎ ዝም አለ።

እዚህ ላይ ተሳሳትን። "መካኒክ ዛሬ ይመጣል" ሲሉን እዚያው ቁጭ ብለን ጠበቅን። ማታ ሆነ። ነጋ። አሁንም "ዛሬ ይመጣል"። የተጠማ ከብት ውሃ ከሸተተው ከገንዳው አይርቅም፣ ሣርም አይነጭም። ስንት ብር ያወጣንበትን ድርቆሽ ብንሰጣቸው አፋቸው ላይ አንጠልጥለው ቆሙ። አንዲት እናት አይተውን፣ "ልጆቼ፣ ሆዱ ውሃ የሌለውን ከብት ደረቅ ሣር ታበሉታላችሁ? ጥላ ውስጥ አስገቧቸው እንጂ!" ብለው ተቆጡን። እውነታቸውን ነው። ድርቆሽ ያለ ውሃ ሆድ ውስጥ ይደርቃል፤ ጨውማ ጭራሽ አይሰጥም። የሚበላም ካለ በሌሊት ቅዝቃዜ ነው።

በአህያ ውሃ ለማምጣት አሰብን። ሂሳቡ ግን እንዲህ ነው፦ ሦስት ቀን የቆየች ላም ሁለት ጀሪካን ብትጠጣ ለ12ቱ 24 ጀሪካን ያስፈልጋል። አንድ አህያ አራት ቢጭን ስድስት ምልልስ! ስለዚህ ለጥጆቹና ለሚታለቡት ብቻ አመጣን፣ ሌሎቹ ጠበቁ።

ሽማግሌዎቹ ያን ቀን የሚያወሩት ስለ ዱብሉቅ ነበር። እዚያ በቱላ ጉድጓዶች ሰው ከሰው በላይ ቆሞ፣ እየዘፈነ፣ ባልዲ እየተቀባበለ ውሃ ያወጣል፤ ተራውን አባ ሄሬጋ ይጠብቃል። የደከመው ወጥቶ ሌላው ይገባል። እኛ ግን አንድ ሞተር ከበን ሃያ ሰው ቆመናል፣ አንዳችንም ብሎን መፍታት አንችልም።

በሦስተኛው ቀን ያዳነን በመንገድ የሚያልፍ የአይሱዙ ሾፌር ነው። ታንከሩን ሸተተ፣ የፊልትሮውን ታች ከፍቶ በጠርሙስ ቀዳና "ይሄ እኮ ውሃ ነው!" አለ። ለካስ ናፍጣው የመጣው ውሃ በነበረበት ጀሪካን ኖሯል። ናፍጣ ሲያርፍ ውሃው ወደ ታች ይዘቅጣል። ስለዚህ ጀሪካኑን ሳያናውጡ አሳድሮ ከላይ ከላይ መቅዳት፣ የታችኛውን መተው ነው። ፊልትሮው ተለወጠ። ሞተሩ ግን አሁንም እምቢ አለ፤ ነገሩ ሲከፈት አየር ገብቷል። ሾፌሩ ከፊልትሮው በላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን አላላና በእጅ የምትጫነውን ፓምፕ ደጋግሞ ጫነ። መጀመሪያ አረፋ ወጣ፣ ቀጥሎ ንጹህ ናፍጣ። ብሎኗን አጠበቀ፣ አስነሣው። ናፍጣ አልቆ የቆመ ሞተርም የሚነሣው በዚሁ መንገድ ነው።

ውሃው ሲመጣ ከብቱ ተጋፋ። ጥጆቹን ለይተን ጥቂት ጥቂት እያሳረፍን አጠጣን፤ የተጠማ ጥጃ እስኪጠግብ ከተለቀቀ ቀይ ሽንት ይሸናል፣ ሊሞትም ይችላል።

ሾፌሩ ገንዘብ አልቀበልም ብሎ አንድ ኩባያ ሻይ ጠጣና መንገዱን ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ ጉድጓዱን የሚጠቀሙት አዋጥተው አንድ ትርፍ ፊልትሮ ሱቅ አስቀምጠዋል፤ የናፍጣው ጀሪካንም ቀይ ቀለም ተቀብቷል።

አሥራ አንዱ ተረፉልን። ግራጫዋ ላም ውሃውን ጠጥታ ተኛች፣ ጠዋት ልናነሣት ብንሞክር አልሆነም።