የሠራዊት አባላት የጉዳት ጡረታ፤ የይግባኙ ውጤት በአብዛኛው ቀደም ብሎ በተያዘው መዝገብ ይወሰናል

በመከላከያ ሠራዊት ውስጥ ሲያገለግል ጉዳት የደረሰበት አባል የሚያቀርበው የጡረታ ጥያቄ በአብዛኛው በሁለት ነጥቦች ላይ ያርፋል። አንደኛው ጉዳቱ በሥራ ምክንያት የደረሰ መሆን አለመሆኑ ሲሆን፣ ሁለተኛው የጉዳቱ መጠን በመቶኛ ሲሰላ ስንት ነው የሚለው ነው። በእነዚህ ነጥቦች ላይ የሚነሳ ክርክር በይግባኝ ደረጃ ሲታይ ሚዛን የሚደፋው አመልካቹ ዛሬ የሚናገረው ሳይሆን ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ የተጻፈው ሰነድ ነው።

የልዩነቱን ክብደት የጡረታ ሕጉ ራሱ ያሳያል። በ2003 ዓ.ም. የወጣውና በኋላም በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 የተተካው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714፣ ሲቪል ሠራተኛውን፣ የሠራዊት አባሉንና ፖሊሱን በአንድ የጡረታ ዐቅድ ያቀፈ ነበር። በአዋጁ መሠረት በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት ምክንያት ለዘለቄታው መሥራት ያልቻለ ሰው፣ የጉዳቱ መጠን ከ10 በመቶ ያላነሰ ከሆነ፣ የአገልግሎት ዘመኑ ሳይጠየቅ ከጉዳቱ በፊት ያገኝ ከነበረው የወር ደመወዝ 47 በመቶው በየወሩ እስከ ዕድሜ ልኩ ይከፈለዋል። ጉዳቱ ከ10 በመቶ ሳያንስ የመሥራት ችሎታውን ያላሳጣው ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል የጉዳት ዳረጎት ያገኛል። ዳረጎቱ የሚሰላው የደመወዙ 47 በመቶ በ60 ወራት ተባዝቶ፣ ውጤቱ እንደገና በጉዳቱ መጠን ሲባዛ ነው።

ለምሳሌ ያህል ደመወዙ 3 ሺሕ ብር የነበረ ወታደር 20 በመቶ ጉዳት ደርሶበታል ቢባል፣ ዳረጎቱ 16 ሺሕ 920 ብር ይሆናል። ይኸው ሰው ለዘለቄታው መሥራት አይችልም ተብሎ ቢወሰንለት ኖሮ የወር አበሉ 1 ሺሕ 410 ብር በሆነ ነበር። ይህም ማለት አንድ ጊዜ የተከፈለው ዳረጎት ከአሥራ ሁለት ወር አበል ጋር እኩል ነው። ከአሥራ ሦስተኛው ወር ጀምሮ ያለው ጊዜ በሙሉ በሕክምና ቦርዱ ወረቀት ላይ በሰፈረችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ የተንጠለጠለ ይሆናል። ጉዳቱ ዘጠኝ በመቶ ነው ከተባለ ደግሞ አበሉም ዳረጎቱም ይቀራል።

ከሥራ ጋር ግንኙነት የሌለው የጤና ጉድለት በሌላ መስፈርት ይታያል። በዚህ ጊዜ ዘላቂ አበል የሚገኘው ቢያንስ አሥር ዓመት ላገለገለ ሲሆን፣ ከዚያ በታች ያገለገለው ዳረጎት ብቻ ይከፈለዋል። ስድስት ዓመት ያገለገለ ወታደር እግሩን ያጣው በግዳጅ ላይ ነው ወይስ በፈቃድ ላይ ሳለ የሚለው ጥያቄ የቤተሰቡን ኑሮ የሚወስን ጥያቄ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ጉዳይ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚሠሩ ሹማምንትንና ሠራተኞችን በቅርብ ይመለከታል። አካባቢው ከሠራዊቱ ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው። በ1969 ዓ.ም. የሚሊሻ ሠራዊት የሠለጠነበት የታጠቅ ጦር ሰፈር የሚገኘው በቡራዩ አቅራቢያ ነው። ሦስቱ ከተሞች በጅማ፣ በአምቦና በጎጃም መንገዶች ላይ የተቀመጡ በመሆናቸው አመልካቹ ማስረጃውን ከአካባቢው አስተዳደር አውጥቶ ወደ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ይዞ የሚሄደው ወደ አዲስ አበባ ነው። አንድ ማኅተም የጎደለው ደብዳቤ ለአካል ጉዳተኛ አንድ ተጨማሪ ጉዞ ማለት ነው።

ችግሩን የሚያከብዱ ሁለት ነገሮች አሉ። የኦሮሚያ ክልል የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በመሆኑ በቁቤ የተጻፈ ስም፣ በሠራዊቱ መዝገብ በአማርኛ ከሰፈረው ስም ጋር በአንድ ፊደል ሊለያይ ይችላል። ከዚህም ሌላ ሦስቱ ከተሞች ቀድሞ በፊንፊኔ ዙሪያ ኦሮሚያ ልዩ ዞን ይገኙ የነበረ ሲሆን ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ተደራጅተዋል። በመሆኑም የነዋሪው አሮጌ መታወቂያና አዲሱ ደብዳቤ የተለያየ አስተዳደር ይጠራሉ። ሰውየው አንድ መሆኑን የሚያረጋግጥ አጭር ደብዳቤ መጻፍ ቀላል ሥራ ነው። ሳይጻፍ ሲቀር ግን ጉዳዩ የማንነት ጥያቄ ሆኖ ይግባኝ ሰሚው ዘንድ ይደርሳል።

በጡረታ አስተዳደሩ ውሳኔ ቅር የተሰኘ ባለመብት ወይም ተተኪ አቤቱታውን ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ያቀርባል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የሕግ ጥያቄ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር ሥልጣን መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ባለበት የመጨረሻ ውሳኔ ላይ የተወሰነ በመሆኑ ሰበር ሰሚ ችሎቱ ማስረጃ እንደ አዲስ አይመዝንም። የጉዳቱ መጠን 20 ሳይሆን 40 በመቶ ነው የሚል አቤቱታ በዚያ ደረጃ የሚሰማው የለም ማለት ይቻላል። ሕጉ የሚጠይቀው መስፈርት ሳይታይ ታልፏል የሚል ክርክር ግን ሊሰማ ይችላል። የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም የአስተዳደር በደል መርምሮ የመፍትሔ ሐሳብ ይሰጣል እንጂ የጉባኤውን ውሳኔ አይሽርም።

አቤቱታ አቅራቢዎች ብዙውን ጊዜ የሚያምታቱት የጡረታ መብትንና የመልሶ ማቋቋም ድጋፍን ነው። በ1983 ዓ.ም. የቀድሞው ሠራዊት አባላትን ለማቋቋም የተቋቋመው ኮሚሽንም ሆነ፣ ከኢትዮ ኤርትራ ጦርነት በኋላ በዓለም ባንክ ብድር ወደ 150 ሺሕ ለሚጠጉ ተሰናባቾች የተካሄደው ፕሮግራም ጊዜያዊ ድጋፍ ነበሩ። ከእነዚህ ድጋፍ አግኝቶ መሰናበት የጡረታ መብት ለመኖሩ በራሱ ማስረጃ አይሆንም።

በማስረጃ ምዘና ረገድ የሌሎች አገሮች አሠራር ልብ ይባላል። በአሜሪካ የቀድሞ ጦር አባላት የጥቅም ጥያቄ ሲታይ የሁለቱ ወገን ማስረጃ እኩል ከሆነ ጥርጣሬው ለአመልካቹ እንዲተረጎም ሕጉ ያዛል። ይህ ድንጋጌ የተቀመጠው በጦር ሜዳ የጠፋን መዝገብ እንዲያቀርብ ወታደሩን መጠየቅ ፍትሐዊ አይሆንም ከሚል እሳቤ ነው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 የአስተዳደር ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ይጠይቃል። «ጥያቄዎ ተቀባይነት አላገኘም» ብቻ የሚል ደብዳቤ የደረሰው ሰው ምኑን ይግባኝ እንደሚል አያውቅም። ጉዳቱ ከሥራ ጋር ግንኙነት የለውም ተብሎ ነው ወይስ የቦርዱ ማስረጃ ስለጎደለ የሚለው ተለይቶ ሲጻፍለት ግን የጎደለውን ፈልጎ ማቅረብ ይችላል። ደብዳቤው የተሰጠበት ቀንና አመልካቹ የተረከበበት ቀን በመዝገብ መስፈርም የግድ ነው፤ የይግባኙ ጊዜ አልፏል ወይስ አላለፈም የሚለው ክርክር የሚፈታው በዚሁ ነው።