«ሚሞሪ» የሚለው ቃል የሚሸፍናቸው ልዩነቶች
ስለ ተነቃይ የማከማቻ ካርዶች ዓይነትና አሰያየም

በሀድያ ዞን የሶሮ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በጊምቢቹ ከተማ አንድ ደንበኛ ወደ ስልክ መለዋወጫ ሱቅ ገብቶ «ሚሞሪ አለ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ሻጩ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማይበልጥ ስስ ካርድ ያወጣለታል። «ፍላሽ» ቢል በኮምፒውተር ጎን የሚሰካውን ይሰጠዋል፤ «ካርድ» ብቻ ቢል ደግሞ የስልክ ሒሳብ መሙያ መፈለጉን ይረዳል። ሦስቱም የውሰት ቃላት ናቸው። ገበያው ግን ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ትርጉም መድቦላቸዋል፤ ከዚህም የተነሣ ሻጭና ገዢ ሳይቸገሩ ይግባባሉ።

ችግር የሚመጣው ከ«ሚሞሪ» ዓይነቶች መካከል መምረጥ ሲያስፈልግና የመሣሪያውን መመሪያ ወደ አማርኛ መመለስ ሲጀመር ነው። አንዱ ቃል ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ልዩነቶችን ደርቦ ይሸፍናል። በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ልዩነቶች ለይተን ካሳየን በኋላ፣ ተርጓሚው ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡትን ስያሜዎች እንመለከታለን።

1. የካርዱ ባሕርይ

ካርዱ መረጃን የሚይዘው ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ስስ ሽፋን ውስጥ ኤሌክትሮኖችን አግዶ በማስቀረት ነው። ስለሆነም ኃይል ቢቋረጥም የተጻፈው አይጠፋም። ይህን የአሠራር ዘዴ የፈጠሩት የቶሺባ ኩባንያ መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ ሲሆኑ፣ ለሙያ ባልደረቦቻቸው ያስተዋወቁትም በ1984 እ.ኤ.አ. ነው። «ፍላሽ» የሚለው ስም የወጣለት፣ እንደሚነገረው፣ ብዙ ክፍሎች በአንድ ጊዜ መደምሰሳቸው የፎቶግራፍ መብራትን ብልጭታ ስላስታወሰ ነው። ስሙ የተገኘው ከአደማመሱ ነው እንጂ ከአያያዙ አይደለም። በአማርኛ «የብልጭታ ካርድ» ብሎ መመለስ ይህን ምክንያት ለአንባቢው አያስረዳም፤ እንዲያውም ዕቃው የካሜራ መብራት እንዲመስለው ያደርጋል።

2. ሦስቱ ልዩነቶች

(ሀ) በአካል መጠን። ኮምፓክት ፍላሽ የተባለው ካርድ በ1994 እ.ኤ.አ. በሳንዲስክ ኩባንያ የወጣ ሲሆን፣ የተለመደው ዓይነት ወርዱና ቁመቱ 42.8 በ36.4፣ ውፍረቱ 3.3 ሚሊ ሜትር ነው። በ1995 የወጣው የቶሺባ ስማርት ሚዲያ ውፍረቱ 0.76 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። በ1997 መልቲ ሚዲያ ካርድ፣ በ1998 የሶኒው ሚሞሪ ስቲክ ተከተሉ። በ1999 ሳንዲስክ፣ ማትሱሺታና ቶሺባ በጋራ ያስተዋወቁት ኤስዲ ካርድ 32 በ24 በ2.1 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በጎኑ መጻፍን የሚከለክል ተንሸራታች ቁልፍ አለው። ዛሬ በስልክ ውስጥ የሚገባው ማይክሮ ኤስዲ 15 በ11 በ1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህ ቁልፍ የለውም። ማይክሮው በማቀፊያ ውስጥ ገብቶ በትልቁ ኤስዲ ቦታ ሊያገለግል ይችላል፤ ትልቁ ግን በማይክሮው ቦታ አይገባም። ይህ ልዩነት በዓይን ስለሚታይ ገዢውን እምብዛም አያሳስትም።

(ለ) በመያዝ አቅም። መልካቸው ፍጹም አንድ የሆነ ካርዶች በአቅም ወሰናቸው አራት ወገን ናቸው። «ኤስዲ» ብቻ የተባለው እስከ 2 ጊጋባይት፣ «ኤችሲ» የሚል ጭማሪ ያለበት ከ2 በላይ እስከ 32 ጊጋባይት፣ «ኤክስሲ» ያለበት ከ32 ጊጋባይት በላይ እስከ 2 ቴራባይት፣ «ዩሲ» ያለበት ደግሞ ከዚያ በላይ እስከ 128 ቴራባይት ይደርሳል። ጭማሪ ፊደላቱ የሚያመለክቱት የብዛት ልዩነትን ብቻ አይደለም፤ መረጃው በካርዱ ላይ የሚደራጅበት ሥርዓትም ይለያያል። «ኤችሲ» ፋት 32 በተባለው፣ «ኤክስሲ» ኤክስፋት በተባለው ሥርዓት ይደራጃል። አዲስ መሣሪያ የቀድሞውን ካርድ እንደ ደንቡ ያነባል፤ የቀድሞው መሣሪያ ግን አዲሱን ላያነብ ይችላል።

(ሐ) በመጻፍ ፍጥነት። በካርዱ ላይ በክብ ውስጥ የሚታዩት 2፣ 4፣ 6 እና 10 ቁጥሮች ካርዱ ያለማቋረጥ ሲጻፍበት በሴኮንድ ቢያንስ ስንት ሜጋባይት እንደሚቀበል ይገልጻሉ፤ ስለ አቅሙ የሚናገሩት ነገር የለም። ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለሚቀርጽ ሰው ይህ ቁጥር ወሳኝ ነው። ይህን ደረጃ «ክፍል 10» ብሎ መተርጎም ግን አንባቢውን ወደ ትምህርት ቤት ይወስደዋል፤ «የፍጥነት ደረጃ 10» ቢባል ጥርጣሬ አይተውም።

3. ስያሜው ጉዳት የሚያመጣበት ቦታ

አንድ የጊምቢቹ ነዋሪ አዲሱ ስልኩ ውስጥ ባለ 64 ጊጋባይት ካርድ አለው እንበል። በካርዱ ላይ የቤተሰቡ ሠርግ፣ የአባቱ ድምፅና ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደው ወንድሙ የላከለት ፎቶግራፍ አለ። ካርዱን አውጥቶ ወደ አሮጌ ስልክ ያስገባዋል። አሮጌው ስልክ ኤክስፋትን ስለማያውቅ ካርዱን እንደ ባዶ ወይም እንደ ተበላሸ ቆጥሮ «ፎርማት» እንዲደረግ ይጠይቃል። ካርዱ አልተበላሸም፤ አውጥቶ ወደ አዲሱ ስልክ ቢመልሰው ሁሉም በቦታው ይገኛል።

ተርጓሚው ይህን ጥያቄ «ካርዱን ቅረጽ» ብሎ መልሶት ቢሆንስ? ቃሉ ቅርጽ ከሚለው ጋር በሥር ስለሚዛመድ በመዝገበ ቃላት ዓይን ትክክል ይመስላል። ይሁን እንጂ በዘመናዊው አማርኛ «መቅረጽ» ከሁሉ አስቀድሞ ድምፅን ወይም ምስልን መያዝ ነው፤ «የመቅረጫ መሣሪያ»፣ «የተቀረጸ ድምፅ» እንላለን። ስለዚህ አንባቢው ትእዛዙን «መዝግብ፣ አስቀምጥ» ብሎ ሊረዳው ይችላል። መሣሪያው የሚሠራው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ካርዱን ባዶ አድርጎ እንደገና ያደራጀዋል። አንድ ቃል በሁለት ተጻራሪ ትርጉሞች መካከል ሲቆም፣ የሚከስረው የዕቃው ባለቤት ነው።

በዚህ ቦታ ከአጭር ስያሜ ይልቅ ግልጽ ሐረግ ይመረጣል፤ ለምሳሌ፦ «በካርዱ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ካርዱ ባዶ ሆኖ እንደገና ይደራጅ?» ሐረጉ ረጅም መሆኑ እውነት ነው፤ ይሁንና ርዝመቱ የሚጠፋውን ነገር አስቀድሞ ይናገራል።

4. «ሚሞሪ» እና «ማኅደረ ትውስታ»

በኮምፒውተር ትርጉም «ማኅደረ ትውስታ» የሚለው ስያሜ ተለምዷል። ማኅደር «ኀደረ» ከሚለው ግስ የወጣ ማደሪያ ነው፤ የብራና መጽሐፍ ተከቶ በትከሻ የሚንጠለጠልበት የቆዳ ከረጢትም፣ በመሥሪያ ቤት የሰነድ መያዣውም በዚሁ ስም ይጠራል። ስያሜው ያማረ ቢሆንም አንድ ችግር አለበት። ስልኩ ሥራ ላይ ሳለ ብቻ የሚጠቀምበትና ሲጠፋ ባዶ የሚሆነው ክፍልም፣ ኃይል ሲቋረጥ የማይጠፋው ካርድም በዚህ አንድ ስም ቢጠሩ «ማኅደረ ትውስታው ሞልቷል» የሚለው መልእክት የትኛውን እንደሚያመለክት አይታወቅም። ፕሮግራም ዝጋ ነው ወይስ ፎቶግራፍ አጥፋ?

ስለዚህ ለመጀመሪያው «ማኅደረ ትውስታ»፣ ለሁለተኛው «የማከማቻ ካርድ» የሚሉት ቢለዩ ይመረጣል። «ተንቀሳቃሽ» የሚለው ቅጽል ከስልክ ጋር ስለተቆራኘ ለካርዱ «ተነቃይ» ይስማማዋል፤ ዋናው ሐሳብ ካርዱ ከመሣሪያው ተለይቶ መውጣቱ ነውና። ለሰፊው ሕዝብ በሚዘጋጅ መመሪያ ውስጥ ግን በመጀመሪያው ቦታ «የማከማቻ ካርድ (ሚሞሪ)» ብሎ ሁለቱን ማጣመር ተገቢ ነው፤ ገዢው በሱቅ የሚጠራው በሁለተኛው ስም ነውና። ኤስዲ፣ ኤችሲና ኤክስሲ የመሳሰሉት መለያዎች መተርጎም የለባቸውም፤ አንባቢው ከካርዱ ፊት ጋር የሚያመሳክራቸው ምልክቶች ናቸው።

ይኸው መንገድ ከአማርኛው ተነሥቶ ወደ ሀዲይኛ ወይም ወደ ከምባትኛ ለሚተረጉመውም ይረዳል። መነሻው አማርኛ ልዩነቶቹን ከደባለቀ ድብልቁ ወደሚቀጥለው ቋንቋ ይሻገራል። ተርጓሚው አቻ ቃል ከመፈለጉ በፊት ዕቃውን በእጁ ይዞ «ይህ ቃል መጠኑን ነው፣ አቅሙን ነው ወይስ ፍጥነቱን የሚሰይመው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ከዚህ በላይ ካየናቸው ስሕተቶች አብዛኞቹን አስቀድሞ ያስቀራቸዋል።